ሸማኔዋ ስትዞር

ስምንተኛው ወር፣ ቀን 3

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። የፊቴ ነጭ ቅባት ሁለተኛው ትዕይንት ሳይጀመር ቀለጠ። እንድጫወታት የተሰጠችኝ የነጋዴው ሚስት ናት... ሻይ አቅርባ የምትወጣ። አቀረብኩ። ወጣሁ። ማንም አላጨበጨበም። ለሻይ ማን ያጨበጭባል?

ታማጂ የአበባው መንገድ በምንለው መተላለፊያ ተመልካቹን ሰንጥቆ ወደ መድረክ ሲመጣ ግን ጣሪያው ሊነቀል ምንም አልቀረው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ከመንደር መንደር ከሚዞሩ ተጫዋቾች ተለቅሞ መምህር ዘንድ ከገባ ገና ስድስት ዓመቱ። እኔ ከገባሁ ሃያ አራት ዓመቴ። እኔ እዚህ ቤት ስገባ እሱ ገና አልተወለደም ነበር... ይሄን ሳስብ ሆዴ ይቃጠላል።

ልብስ ስንቀይር "እትዬ ሴንያ፣ ሻይዎ ዛሬ እንዴት ነበር?" አለኝ። እየሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? እትዬ ማለቱ የሙያው ወግ ነው። ሴት ሆነን የምንጫወት ወንዶች ታላቃችንን የምንጠራው እንደዚያ ነው፣ እኔም ስንቱን እትዬ ስል ኖሬያለሁ። ከሱ አፍ ሲወጣ ግን "አንቺ አሮጊት" ያለኝ ነው የሚመስለኝ።

ወደ ቤት በኋላ በር ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው። ሴት ሆኖ የሚጫወት ሰው ሚስት አለችው ከተባለ የተመልካች ልብ ይሰበራል ይላሉ። በኔ ሻይ የሚሰበር ልብ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ኦታኪ ሱቋ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ የተዋንያን ሥዕል ትጠቀልላለች። ኮቴዬን ሰምታለች፣ እንዴት አትሰማም? ዞር አላለችም። ጥቅሉን አሰረች፣ አስቀመጠች፣ ከዚያ ነው "መጣህ?" ያለችኝ። ሚስቴ እንኳ ለኔ አትቸኩልም።

ስምንተኛው ወር፣ ቀን 9

ሱቁ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሁሉ ታማጂ ነው። ታማጂ ዣንጥላ ይዞ። ታማጂ በበረዶ ውስጥ። ታማጂ ደብዳቤ ሲያነብ... እሱ ማንበብ መቻሉንም እጠራጠራለሁ።

"የሱን ከፊት የሰቀልሽው ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ስለሚሸጥ።"

"የኔስ?"

"ያንተማ ፀሐይ እየሞቀ ነው።"

እውነቷን ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሥዕሌ አለች። ከስንት ዓመት በፊት የታተመች። ቀዩ ኪሞኖዬ ፀሐይ በልቶት የታጠበ ጨርቅ መስሏል። አፍንጫዬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

"አውርጃት በቃ" አልኳት።

"አላወርድም።"

"ሰው ይስቅብኛል።"

"ይሳቅ። ደግሞ አኩርፈህ ሩዙን እንዳትተወው። የታማጂ ፊት ተሸጦ የተገዛ ሩዝ ነው፣ ይጣፍጣል።"

ሩዙን ትቼ ተነሳሁ። ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ርቦኝ ነበር።

ስምንተኛው ወር፣ ቀን 20

ወሬው እውነት ነው! መምህር ስማቸውን ሊያወርሱ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፣ ከእንግዲህ መድረክ አይወጡም። በአስራ አንደኛው ወር፣ አዲሱ የቲያትር ዘመን ሲከፈትና ሁላችንም ለሕዝቡ ፊታችንን ስናሳይ፣ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ኦሪኖጆ ሦስተኛ ተብሎ ይወጣል።

ስሙ ብቻ ቢሆን... ከስሙ ጋር ሸማኔዋም ትሰጣለች። የቤታችን ውዝዋዜ ናት፣ ኦሪኖጆ ያልተባለ ሰው አይጫወታትም። ባሏ ባሕር ሄዶ የቀረባት ሴት ግራጫ ልብስ ለብሳ ትሸምናለች። ዓመት ያልፋል፣ ዓመት ይመጣል። ከበሩ ኮቴ ይሰማል። ትዞራለች። ስትዞር ከኋላዋ የተቀመጠው ሰው ልብሱ የተሰፋበትን ክሮች ይስባል፣ ግራጫው ልብስ በአንድ ጊዜ ተገፎ ይወድቃል፣ ከውስጥ እንደ እሳት የሚነድ ቀይ ይወጣል። መምህር ሲዞሩ ያየሁ ቀን አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አለቀስኩ። ያን ቀን ነው ሴት ሆኜ ልጫወት የወሰንኩት።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቃታለሁ። በሕልሜም አውቃታለሁ። ደግሞስ ከኔ የሚቀድም ማን አለ?

መስተዋቱ ፊት "ኦሪኖጆ" አልኩ። ቀስ ብዬ። ኦታኪ ከጓዳ "ማንን ነው የምትጠራው?" አለች።

ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 1

መምህርን ሳል ስለያዛቸው ልምምድ ቀረ። ታማጂ መድኃኒት ይዞላቸው ሄደ። እኔ ለምን አላሰብኩትም?

ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 9

ይሄን መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ዛሬ የአበባ በዓል ነበር... አይ፣ ስለሱ አልጽፍም። መምህር ሁላችንን ጠሩን። ሰሌኑ ላይ በየደረጃችን ተደረደርን፣ እኔ ከፊት። የሩዝ መጠጡ፣ ሳኬው ተቀዳ። መምህር ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ "ታማጂ፣ ወደዚህ ቅረብ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ስሜን ተሸከም... አታሳፍረኝ... እንዲህ ያለ ነገር። ታማጂ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ሁሉም "እንኳን ደስ አለህ" ይላል። እኔም አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

"ሴንያ" አሉኝ ደግሞ። "አንተ ከኋላው ትቀመጣለህ።"

"እኔ?"

"ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ውዝዋዜውን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ ነው መሆን ያለበት። ተጫዋቹ ቢወድቅ ተነስቶ የሚጨርስለት እሱ ነው። ካንተ በቀር ማን አለኝ?"

እጅ ነሳሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። ቀና ብል ፊቴን ያዩታል። ከሰሌኑ አንድ ሰበዝ ወጥቶ ነበር፣ እሱን እያየሁ ነበር።

እቀናለሁ። ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው። እቀናለሁ፣ እቀናለሁ፣ እቀናለሁ።

ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 10

ቢወድቅ።

ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 25

ዛሬ ሸማኔዋን ልምምድ ጀመርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተንበርክኬ።

ደካማ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። አንገቱ... ያ አንገት ከየት መጣ? ክር ሲስብ እውነት ክር ያለ ይመስላል። ስህተት ፍለጋ ዓይኔን ሳፈጥ ዋልኩ።

አገኘሁም! ኮቴው ሲሰማ አይዞርም። ኮቴውን የሚያሰማው ከበሮ ይመታል፣ እሱ ዝም። አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል። ከዚያ ነው የሚዞረው። መምህር አርባ ዓመት ሙሉ የዞሩት ኮቴው እንደተሰማ ነው፣ ከከበሮው ጋር እኩል! የሞቱት የፊተኛው ኦሪኖጆም እንደዚያው ነበሩ ይባላል።

"መምህር፣ ዘገየ" አልኩ። ደስታዬን ደብቄ።

መምህር አሰቡ። "ድገመው" አሉት። ደገመው። እንደገና ዘገየ።

"ተወው" አሉኝ። "ይሁን።"

ይሁን! እኔ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጣቴን አጥፌ በያዝኩ ጊዜ፣ በማራገቢያ መትተውኛል። ለሱ ይሁን።

ለምን እንደዘገየ ስጠይቀው "ኧረ እትዬ፣ ሴትዮዋ ስንት ዓመት ጠብቃ... ወዲያው ታምናለች?" አለኝ። ስለ መጠበቅ እሱ ምን ያውቃል? ሩዝ እስኪበስል እንኳ ጠብቆ አያውቅም።

አስረኛው ወር፣ ቀን 12

ዛሬ የሆነውን እንዴት ነው የምጽፈው?

ሙሉ ልብስ ለብሰን የተለማመድንበት ቀን ነበር። የቲያትሩ ባለቤት መጥቷል፣ የሻሚሰን ክራር መቺዎቹ ሁሉ አሉ። ከኋላው ተንበርክኬ የክሮቹን ጫፍ ይዣለሁ። ከበሮው መታ። ኮቴው። ሳብኩ።

አልዞረም ነበር።

ግራጫው ልብስ በግማሽ ተገፎ ተንጠለጠለ። ጀርባው ቀይ፣ ፊቱ ግራጫ። በግማሽ እንደተላጠ ብርቱካን። ሊዞር ሲል የተንጠለጠለውን ረግጦ በጉልበቱ ወደቀ። ሻሚሰኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ።

መምህር ቀስ ብለው ተነሱ። "ሴንያ" አሉ። "የሳበው እጅህ ነው ልብህ?"

ሁሉም እያዩኝ ነው። ታማጂ ከወደቀበት "የኔ ጥፋት ነው መምህር፣ ከልክ በላይ ዘግይቼ ነው" አለ። ዋሸ። እንደ ሌላው ቀን ነበር የዘገየው። ምነው ዝም ባለ! በሱ ምሕረት መዳን ከመዋረድ ይብሳል።

"ይሄ ነገር ይደገምና" አሉኝ መምህር፣ "በዚህ ቤት በር ሁለተኛ አትገባም።"

አስረኛው ወር፣ ቀን 13

እጄ ነው ልቤ? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አውቄ አልሳብኩም። በሞተችው እናቴ። ግን... ኮቴው ሲመታ የኔ እግር ሲዞር ተሰማኝ። የኔ። ተቀምጬ፣ ክር ይዤ፣ በውስጤ ሸማኔዋን እየተጫወትኩ ነበር። እንደ መምህር ዞርኩ፣ ለራሴም ክሩን ሳብኩ። እሱ እዚያ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ይሄን ለማን ይነግሩታል? ማን ያምናል?

ዊግ ሠሪው ጎሄይ መተላለፊያው ላይ አግኝቶኝ "ሴንያ ክሩን የሳበው ጥርሱን ነክሶበት ነው እየተባለ ነው" አለኝ።

"አንተስ ምን አልክ?"

"ጥርሱ ደህና ነው እንዴ አልኩ።"

አስረኛው ወር፣ ቀን 18

ታማጂ ልብስ መቀየሪያዬ ድረስ መጣ። ብርቱካን ይዞ። አልተቀበልኩትም፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ ከበሮውን አይስሙት" አለኝ። "ጀርባዬን ይዩ። ከመዞሬ በፊት ትከሻዬ ይወርዳል።"

"ማን አስተማረህ ደግሞ?"

"እናቴ።"

"ተጫዋች ነበረች?"

"ኧረ ዓሣ አድራቂ ናት! አባቴ ጀልባ ይዞ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማች ቁጥር... መጀመሪያ በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ከዚያ ትከሻዋ ይወርዳል። ከዚያ ነው የምትዞረው። ቶሎ ከዞርኩ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቀኛል ትል ነበር።"

"መጣ ታዲያ?"

"አልመጣም።"

ምን ይባላል? ከሄደ በኋላ ብርቱካኑን በላሁት። እየበላሁም ቀናሁ። ሐዘኑ እንኳ ከኔ ሐዘን የበለጠ ለመድረክ ይሆናል። እኔ የት ሄጄ እንዲህ ያለ እናት ላምጣ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ ግን... ሰው አባቱን ባጣበት ነገር ይቀናል?

አስራ አንደኛው ወር፣ ቀን 1

ተከፈተ።

ከቲያትር ቤቱ ፊት ባለው ቦይ ዳር ገና ሳይነጋ ሰው ሞልቶ ነበር። የአጨብጫቢ ማኅበርተኞቹ አንድ ዓይነት ቆብ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ታማጂ... ታማጂ አይባልም ከዛሬ ጀምሮ፣ ኦሪኖጆ ነው። እኔ ግን እዚህ ወረቀት ላይ ታማጂ ነው የምለው። እዚህ ማንም አያዘኝም።

ከበሮውን አልሰማሁም። ጀርባውን ብቻ አየሁ። ኮቴው መታ መሰለኝ። ውስጤ ያለችው ሴትዮ ልትዞር ተነሳች፣ ቁጭ በይ አልኳት። ትከሻው ወረደ። ሳብኩ። ግራጫው እንደ ጢስ ጠፋ።

"ኦሪኖጆ! ኦሪኖጆ!" ጩኸቱ በወለሉ በኩል ተሰማኝ። የተገፈፈውን ልብስ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

መምህር ከመጋረጃው ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። "ሴንያ" አሉኝ፣ "ዛሬ አላየሁህም።"

ሳይታይ መሥራት ላለበት ለኋላ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። አውቃለሁ። ሃያ አራት ዓመት ለፍቼ፣ አላየሁህም ተባልኩ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ልቅሶዬ መጣ። ጎሄይ አይቶኝ "ቅባቱ ዓይንህ ገባ እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ዛሬ ቅባት አልተቀባሁም ነበር።

አስራ አንደኛው ወር፣ ቀን 8

ከየት ልጀምር?

ከሁለተኛው ፎቅ ልብስ ለብሰን ስንወርድ ነበር። እኔ ከፊት፣ ታማጂ ከኋላዬ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ልብሱ ረጅም። ጫፉን ረገጠ። "እትዬ!" ሲል ሰማሁ። ዞር ስል በላዬ ላይ እየመጣ ነው። ያዝኩት። በሁለት እጄ፣ በደረቴ። ግድግዳው ላይ ተላትመን ቆምን።

ያዝኩት። ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ "ቢወድቅ" ስል ኖሬ፣ ሲወድቅ ያዝኩት። ለማሰብ ጊዜ ቢሰጠኝ ምን አደርግ ነበር? አላውቅም። ባላውቀው ይሻላል።

ግን ቁርጭምጭሚቱ ታጥፏል። ወዲያው አበጠ። ሊቆም ሞከረ፣ ጮኸ። መምህር መጡ፣ እግሩን አዩ፣ እኔን አዩ። "ልበስ" አሉኝ።

እንዲህ ነው የመጣው። በአንዲት ቃል። ግራጫውን ከሱ ላይ ገፈው እኔን አለበሱኝ። ገና ሙቀቱ አለ ልብሱ ላይ።

"ከኋላ ማን ይቀመጥ?" አለ ጎሄይ።

"እኔ" አለ ታማጂ።

"አንተማ መቆም አትችልም።"

"ቆሜ ነው እንዴ የምስበው? አምጡና አስቀምጡኝ።"

ተሸክመው አስቀመጡት። በትንሽ መቀመጫ፣ የታመመ እግሩን ልብስ ሸፍነውለት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን የልምምድ ቀን አስታወስኩ። እሱም አስታውሷል፣ ገባኝ። አንድ ጊዜ ቶሎ ቢስብ እኔም እንደ ብርቱካን... ማን ይፈርድበታል?

የቲያትሩ ሰው ወጥቶ ኦሪኖጆ ታመዋል፣ በምትካቸው ሴንያ ይጫወታል ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። ብቅ እንዳልኩ አንዱ ከላይ "አንቺ፣ ሻዩን ለማን ትተሽው መጣሽ?" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ረጅም ነበር።

ተቀመጥኩ። ሸመንኩ። ዓመት አለፈ፣ ዓመት መጣ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ።

ኮቴው።

የመምህርን አዟዟር ነበር ልዞር የነበረው። ስወጣ ወስኜ ነበር፣ የታማጂን ስህተት በፊታቸው ላርም። ከበሮው መታ... አልዞርኩም። አልቻልኩም። ስንት ዓመት ጠብቄው፣ መጣ ሲሉኝ አላመንኩም። ሌላ ሰው ቢሆንስ? በእጄ የያዝኩትን መወርወሪያ አስቀመጥኩ። ትከሻዬ በራሱ ወረደ። ከኋላዬ ክሩ አልተነካም... እየጠበቀ ነው። ታማጂ ጀርባዬን እያየ እየጠበቀ ነው።

ዞርኩ። ሳበ። እኩል።

ቀዩ ሲወጣ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ያው የላይኛው ሰውዬ ነው የጀመረው። "ሴንያ!" አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ቆባሞቹ ሁሉ።

ስወጣ ታማጂን እዚያው መቀመጫው ላይ አገኘሁት። የተገፈፈውን ልብስ አቅፏል። ያየኝ ዓይን... ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመስተዋቴ ውስጥ አይቼዋለሁ።

"የግራ እጅጌዎ ዘግይቶ ነበር እትዬ" አለኝ።

አልዘገየም። አለመዘግየቱን ሁለታችንም እናውቃለን። ቦዩን ይዤ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ መጣሁ።

አስራ አንደኛው ወር፣ ቀን 9

ዛሬም እኔ። እጅጌዬን ሆን ብዬ ከትናንቱ ትንሽ አቆየሁት። ያምራል! ታማጂ ከኋላ ሲተነፍስ ሰማሁት።

መምህር ማራገቢያቸውን አጥፈው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ፣ በቃ።

አስራ አንደኛው ወር፣ ቀን 15

ታማጂ ተመለሰ። ቀይና ግራጫው የሱ ነው፣ እኔ ከኋላ። ጠዋት ልብሱን ሳስተካክልለት ሆዴ እንደ ድሮው ይቃጠላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቃጠለ። ግን ያን ያህል አይደለም... ወይስ ለመድኩት?

ትከሻው ወረደ፣ ሳብኩ። "ኦሪኖጆ!" አሉ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ "እትዬ፣ ያንን እጅጌ እንዴት ነው የሚያቆዩት? ያሳዩኝ" አለ።

"ዘግይቷል አላልከኝም ነበር?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲህ የዘገየ ነገር ምን ይሠራልሃል?"

"እትዬ... በናትዎ።"

አሳየዋለሁ። ዛሬ አይደለም። ትንሽ ይጠብቅ፣ ይጠቅመዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣሁ። በኋላ በር ገባሁ። ጥግ ላይ የነበረችው ሥዕሌ የለችም። ግድግዳው ላይ ቦታዋ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ኦታኪን ልጠይቅ ስል... ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። እየጠቀለለች። ደፉ ላይ ቆምኩ።

ኮቴዬን ሰምታለች። እጇ ቆመ። አልዞረችም። ጥቅሉን አሰረች። አስቀመጠች። ትከሻዋ ወረደ።

ስንት ዓመት በዚህ በር ገባሁ? በየቀኑ እዚህ ነበር፣ ዓይኔ ሥር። ታማጂ ከእናቱ ጀርባ ተማረው። እኔ ቤት በገባሁ ቁጥር ሚስቴ አትቸኩልልኝም ብዬ ሳኮርፍ፣ ሌላውን ሳይ፣ በሌላው ስቀና... የኔ ሰው ስታስጠብቀኝ ሳይሆን ስትጠብቀኝ ኖራለች። እንደማንኛዋም ሴት ደጅ ወጥታ ባሌ መጣ እንኳ ማለት ሳትችል።

ዞረች። "መጣህ?"

"መጣሁ" አልኳት። ሌላ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፣ "ሥዕሌስ?" ነው ያልኩት።

"ተሸጠች። ገዢው አፍንጫዋ የት ሄደ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ቲያትር ቤት ሄደህ እያት አልኩት።"

ራት በላን። ሩዙ ይጣፍጥ ነበር፣ የማን ፊት ተሸጦ እንደተገዛ አልጠየቅኩም።

ነገ በፊት በር ነው የምገባው። የሚሰበር ልብ ካለ ይሰበር።